የአውራ ጣቴ በረኛ

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አይታጠፍም። ስቆምም፣ ስቀመጥም፣ ስተኛም እንደ ምስማር ደርቆ ነው የሚውል። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ በእድር ስብሰባ ላይ አሻፈረኝ ስል፣ «ተዉት፣ እንኳን እሱ ጣቱም አይታጠፍ» ይላል። እውነት ነው። ግን ይቺ ጣት እንዴት እንደደረቀች የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እሱን ነው የማወራችሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ ሲያነክስ ካያችሁ ከጣቴ ቁጠሩት።

በመጀመሪያ እናንተም እግራችሁን ዳስሱ። አውራ ጣቱ ከእግር መዳፍ ጋር የሚገናኝበት፣ በጎን በኩል ወጣ ያለ፣ ትንሽ ጉልበት የሚመስል አንጓ አለ። ጫማ ሲጠብ ቀድሞ የሚቆጣ እሱ ነው። ስሙን ታውቁታላችሁ? ክርን ስም አለው፣ ቁርጭምጭሚት ስም አለው። ይሄኛው ሰውን ያህል ነገር ተሸክሞ ሲዞር ውሎ ስም የለውም። እኔን ያሳደገኝና ሙያ ያስተማረኝ ሽማግሌ ግን ስም አውጥቶለት ነበር። «በረኛ» ይለዋል።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚቀመጥ። ከታች ሁለት መርገጫ በገመድ ተንጠልጥሎለታል፤ ገመዱን በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ይቆነጥጠዋል። ቀኙን ሲረግጥ ግማሹ ድር ይወርዳል፣ ግማሹ ይነሣል፤ በመካከሉ አፍ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ በዚያ ያልፋል። ግራውን ሲረግጥ ያ ይዘጋና ሌላ ይከፈታል። «የድሩን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ይሄ አንጓ ነው። እጅህማ አላፊ አግዳሚ ነው፤ በረኛህን አክብር» ይለኝ ነበር።

ጣቴ የደረቀች ጊዜ ሠላሳዎቹን ያጋመስሁ ወንደላጤ ነኝ። እናት አባቴን ገና በልጅነቴ አጥቻለሁ፣ አሳዳጊዬም ሞቷል። ቤቴ ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ያለች አንዲት ክፍል፣ የቀበሌ ቤት ናት። ግማሿን ጉድጓዱና የሸማኔ ዕቃዬ ይዘውታል፤ በቀረችው እተኛለሁ። ጧት ጉድጓድ እገባለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። ለሰው ክፉ አልነበርሁም፣ ሰውም ከደጃፌ አያልፍም። አንድ ሕግ ነበረችኝ፦ ጉድጓዴ ውስጥ የሌላ ሰው እግር አይገባም። የአሳዳጊዬ ሕግ ናት። ለምን እንደሆነ እሱንም አልጠየቅሁት፣ ራሴንም አልጠየቅሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፈትል የምታመጣልኝ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አገሯ ኮሶዬ ነው፣ በደባርቅ መንገድ፣ ብርዱ አጥንት የሚያንኳኳበት ደጋ። አግብታ የፈታች፣ ከወንድሟ ጋር የምትኖር ናት። እንደ እሷ ያለ ፈታይ አላየሁም፤ ክሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ልቃቂቶቹን ከቅርጫቷ እያወጣች የቤቴ ደፍ ላይ ትደረድራለች፣ እሷም እዚያው ደፉ ላይ ትቀመጣለች። ወደ ውስጥ አትገባም። እኔም ግቢ ብያት አላውቅም።

«አያ ሞላ፣ ከዚያ ጉድጓድ የምትወጣበት ቀን የለም?» ትለኛለች።

«ወጥቼ የት ልሂድ?»

«አገር አይተህ ትመለሳለሃ።»

«አገሩ በአንቺ ፈትል ተጠቅልሎ ይመጣልኛል።»

«እሱስ ሸጋ ነገር ነው። አገሩ ግን በመመላለስ እግሩ አለቀ።»

ትስቅና ባዶ ቅርጫቷን አንግታ ትሄዳለች። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ለሸማኔዎች ማኅበራችን ሰፋፊ አዲስ የሸማኔ ዕቃ መጣለት። ሰብሰብ ብለን ከጭነት ማኪና ስናወርድ፣ ከከባዱ ግንድ አንዱ ጫፍ አመለጠንና ቀኝ እግሬ ላይ አረፈ። ልክ በረኛው ላይ።

ወጌሻ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰኝና እጁን አነሣ። «ልጄ፣ የወለቀ ቢሆን እመልሰው ነበር፣ የተሰበረም ቢሆን አስረው ነበር። ይሄ ግን እንደ ጨው ደቋል። ሆስፒታል ሂድ» አለኝ። ሸኘኝ፤ አልሄድሁም። ይቆርጡኛል ብዬ ነው። ጣቱ የተቆረጠ ሸማኔ መርገጫ አይዝም። መርገጫ የማይዝ ሰው የሸማኔ ማኅበር አባል አይሆንም። ቤቷንም ቀበሌ የሰጠኝ የማኅበር አባል ስለሆንሁ ነው። አንዷ ጣት ከሄደች ሁሉም ተከትሏት ይሄዳል። ስለዚህ በጨርቅ ጠፍሬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ለጥር ሠርግ የታዘዘ ጋቢ መሸመኔን ቀጠልሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትርንጎ ቅዳሜዋን መጣች። ልቃቂቷን ደርድራ ስትጨርስ፣ ሠርቼ ያጠፍሁትን ጋቢ አንሥታ ጣቶቿን አስኬደችበት። የራሷ ፈትል ምን እንደሆነ ማየት ትወዳለች። መካከል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ቀኝ እግርህ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ደኅና ነው።»

«ታዲያ ምነው ጋቢው አንዱ መስመር ጠበቅ፣ አንዱ መስመር ላላ እያለ የመጣ? ግራህ እንደ ዱሮው ይረግጣል። ቀኝህ ግን ፈርቷል።»

እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከደፉ ላይ ሆና ልታየው አትችልም።

«አውጣውና ልየው።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያ እኔም እዚሁ ነኝ» አለችና ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጥታ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ማኪናሽ ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

ማኪናው ሄደ። እሷ ከደፉ፣ እኔ ከጉድጓዱ፣ ተያይተን ተቀመጥን። እኔ እልኸኛ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ያን ቀን ከእኔ የባሰ አየሁ። መቼም ሴት ልጅ ደጄ ላይ እንድታድር አላደርግም፤ በሁለት እጄ ተመርኩዤ ወጣሁና ጨርቁን ፈታሁት። አልጮኸችም፣ ከንፈሯንም አልመጠጠች። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ሸጋ ጣት ነበር» አለች፣ እንደ ለቀስተኛ።

«ገና አልሞተም» አልኋት።

«እንግዲያ ሳይሞት እንሂድ።»

ትከሻዋን ተደግፌ ሄድን። መንገድ ላይ፣ «ኮሶዬ ምን ይሉሻል?» ብላት፣ «አክስቷ ቤት አደረች ይሉኛላ። ባይሉኝስ ደግሞ ምን ታረገዋለህ?» አለችኝ።

ሆስፒታል አስተኝተው ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ዶክተር ግርማ ይባላል፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ ሰው ነው። በማግሥቱ ጧት ነጭ የለበሱ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና እግሬን ከፈተ።

«የዚህ መገጣጠሚያ ስሙ ማን ነው?» አላቸው።

አንዲት ተማሪ በአንድ ትንፋሽ፣ «ሜታታርሶፋላንጂያል» አለች። ኋላ ለብቻዋ ሳገኛት ደጋግሜ አስብያት ነው እስከ ዛሬ የያዝሁት።

«ስሙ ከጣቴ ይረዝማል» አልሁ እኔ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ዶክተሩም ፈገግ አለና፣ «እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ።

«ሌላው ሰው ስም አላወጣለትም። እኛ ቤት በረኛ ይባላል።»

ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት። እግር ሲረግጥ፣ አፍ ሲከፈት፣ መወርወሪያው ሲያልፍ፣ ሁሉንም። ሳይቸኩል ሰማኝና ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው።

«ይዩ አቶ ሞላ። ሌሎቹ ጣቶች ሦስት ሦስት አጥንት አላቸው። አውራው ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ግን ወፋፍራም። ይሄ ከኋላ ያለው ረዥሙ ደግሞ የመዳፉ አጥንት ነው። በረኛ የሚሉት እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ጫፋቸው እርስ በርሱ እንዳይፋተግ ለስላሳ ልባስ ነበረው። የእርስዎ ልባሱ ሁሉ ደቋል፤ አሁን አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጭ።»

«እነዚህ ከሥሩ ያሉት ሁለት ክብ ክብስ?» አለች ትርንጎ፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ሆና።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ዶክተሩ መንገድ አስለቀቀላት። «እነሱ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ጅማቱ ጣቱን ሲስብ በእነሱ ላይ ይንሸራተታል። ስማቸው ሲተረጎም ሰሊጥ መሳይ ማለት ነው።»

ትርንጎ ራጁን ቀረብ ብላ አየችው። «ስም ያወጣላቸው ሰውዬ ሰሊጥ አያውቅም። ይሄማ ሽምብራ ነው።»

ዶክተሩ ከልቡ ሳቀ። «እኔም ተማሪ ሳለሁ ይሄንኑ ብዬ አስተማሪዬ ተቆጥቶኛል። ስሙ የጥንት ነው፤ አሁን ማን ይቀይረዋል?»

እነሱ ሲወጡ ሲስተሯ ቀረች። «አስታማሚው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«አዎን።»

«ሚስት ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እህት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኑ ነሽ?»

«ፈታዩ ነኝ።»

«ፈታይ የሚባል ዘመድ እዚህ አናውቅም።»

«ሌላ ሰው የለውም» አለች ትርንጎ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሲስተሯ ትንሽ አየቻትና ሄደች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ሰው እንደሌለኝ አውቅ ነበር። ሌላ ሰው ሲለው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ብቻውን ተመለሰና አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ። ጣቱ አይቆረጥም አለኝ። ልቤ ተመለሰች። «ግን አንጓው መልሶ አይሠራም፤ የደቀቀውን ጠርጌ ሁለቱን አጥንቶች በሽቦ አገናኛቸዋለሁ፣ ተጋጥመው አንድ አጥንት ይሆናሉ፣ ሕመሙ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ዕድሜ ልክዎን አይታጠፍም» አለኝ። ከዚያ አንድ ቁራጭ ካርቶን አወጣ።

«እንዴት አድርጌ እንደማጋጥመው ልለካ። እግርዎን እንደሚመችዎት ያድርጉት።»

ከአልጋው ጫፍ እግሬን ወደ ታች ሰደድሁና እንደሚመቸኝ አደረግሁት። ዶክተሩ ካርቶኑን በጎኑ አስጠግቶ በእስክሪብቶ መሥመር ማስመር ጀመረ። ትርንጎ አጠገባችን ቆማ ታይ ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያርጉልኝ» አለች። «ይሄ ሰው አሁን አልጋ ላይ አይደለም ያለ።»

«የት ነው ያለ?»

«ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ጣቱን ይዩት፤ ገመድ ይዟል።»

ሦስታችንም ወደ እግሬ ጎንበስ አልን። እውነቷን ነው። አውራ ጣቴ ወደ ታች ቆልመም፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብላ፣ የሌለ ገመድ ቆንጥጣለች። እኔ አላዘዝኋትም። የሚመችህን አድርግ ስባል የማውቀው ምቾት እሱ ብቻ ሆኖ ነው። ወንድሞቼ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ተቀምጦ ሲወጣም ጉድጓዱን እግሩ ላይ ይዞት ይወጣል ማለት ነው?

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጥሩ አየሽ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «በዚህ ባደርቀው ሲቆሙ መሬቱን ይወጋል። ለመርገጫው ይሆንዎታል፣ ለመንገድ ግን አይሆንም፤ ከቤት እስከ ደጅ ካልሆነ በቀር አያስኬድዎትም። ለመንገድ ከሆነ ጫፉ ትንሽ ሽቅብ ቀና ማለት አለበት። ሰው ሲራመድ ተረከዙ ይነሣል፣ መጨረሻ መሬቱን ገፍቶ የሚለቅ ይሄ ነው።»

«ሁለቱንም ማድረግ አይሆንም?»

«አንዴ ከደረቀ አንድ ነው። መርጠው ነገ ጧት ይንገሩኝ።»

«ምን እመርጣለሁ፣ ለመርገጫው ያርጉልኝ» አልሁ።

«ነገ ጧት» አለና ወጣ።

ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ጣቱ ያንተ ነው።»

«ካልሸመንሁ በምን እኖራለሁ? ቤቱንስ ማን ይተውልኛል?»

«በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣት መካከል አይያዝም ገመዱ?»

«አይያዝም።»

«ሞክረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሳትሞክር እንዴት አወቅህ? ቁልፍህን ስጠኝ፣ መርገጫህን ላምጣው።»

«መርገጫው ከታች ነው የታሰረ። ለመፍታት ጉድጓዱ ውስጥ መግባት ይጠይቃል።»

«እሱማ አውቃለሁ» አለችና እጇን ዘረጋች።

እጇ እዚያው ተዘርግቶ ቆየ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ከማተቤ ጋር። አውልቄ ስሰጣት ከቀዶ ጥገናው ይልቅ እሱ ከብዶኝ ነበር ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ።

ስትመለስ መርገጫውን ከነገመዱ በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ቀሚሷ ጫፍ ላይ የጉድጓዴ አፈር አለ።

«ጉድጓድህ ጠባብ ነው» አለች።

«ለአንድ ሰው ነዋ የተቆፈረ።»

«አየሁት።»

ገመዱን ከአልጋው ግርጌ ብረት ላይ አሰረችው። ሲስተሯ ገብታ፣ «ሆስፒታል ነው ወይስ የሸማኔ ቤት?» ብላ ስትቆጣ፣ ከጎኔ የተኙ አንድ እግራቸው የተሰበረ ገበሬ፣ «ተያቸው ልጄ፣ እኔም ነጠላዬ አልቃለች» አሉላት። ሲስተሯ ሳቋን እየደበቀች ተመልሳ ወጣች።

በደኅናው በግራ እግሬ ሞከርሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣቴ መካከል ያዝሁት፣ ሸሸ። ያዝሁት፣ ሸሸ። እንደ ዓሣ ነው የሚሸሽ። ትርንጎ ገመዱ ላይ ቋጠሮ አበጀችበት። ያን ጊዜ ለጥቂት ያዘልኝና እንደገና አመለጠኝ።

«ይሄ የዓመት ሥራ ነው» አልሁ።

«ዓመት አለህ።»

«ማኅበሩ ዓመት አይጠብቀኝም።»

«ለመወርወሪያው የማግ ቀሰም እየሞላህ፣ ድር እያደራህ ትቆያለህ። ሥራ በሙሉ በእግር ጣት ነው ያለህ ማን ነው?»

ተናደድሁ። «አንቺ ሴት፣ ምን ቸገረሽና ነው እንዲህ የምትለፊ? ፈትልሽን የሚገዛ ሸማኔ ጎንደር ሞልቷል።»

ቋጠሮውን እያጠበቀች ነበር። ዓይኗን ከገመዱ አላነሣችም።

«አያ ሞላ፣ ኮሶዬን ታውቀዋለህ?»

«ስሙን ነው የማውቅ።»

«እኔ ግን የቤትህን ደፍ አውቀዋለሁ። ዝናብ ሲሆንም ወርጃለሁ፤ ማኪና ሲጠፋም በእግሬ ወርጃለሁ፤ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ቅርጫቴን ሲገለብጡት ልቃቂቴን ከአቧራ ለቅሜ ወርጃለሁ። ጎንደር ሌላ ሸማኔ እንዳለ ጠፍቶኝ ነው? አንድ ቀን አንተ ደግሞ ሽቅብ ትወጣለህ ብዬ ነበር።» ቋጠሮውን ለቀቀችው። «ለዚያ ደግሞ እግር ያስፈልጋል።»

ገበሬው ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ መሰሉ።

በማግሥቱ ጧት ዶክተር ግርማ ካርቶኑን ይዞ መጣ። «ወሰኑ?»

«ያቁሙኝ» አልሁት።

«እንዴት?»

«ተቀምጬ አይለኩኝ። ቆሜ ይለኩኝ።»

ወለሉ ላይ ጣውላ አነጠፉልኝ። ትርንጎ በአንድ ብብቴ ገባች፣ ያቺ ተማሪ በሌላው። ሕመሙ እስከ ጭንቅላቴ ቢወጣም ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ዶክተሩ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ካርቶኑን በእግሬ ጎን አቆመ።

«ወዴት ነው የሚሄዱበት?» አለኝ ቀና ብሎ።

«ሽቅብ ነው።»

ትርንጎን አየት አደረጋት። «እንግዲያ ለሽቅብ እንሥራው» አለና መሥመሩን አሰመረ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ እግሬ በጄሶ ተጠቅልሏል። ከጄሶው ጫፍ አውራ ጣቴ ብቅ ብላ ጣሪያውን ታያለች። ሲስተሯ ትኩሳቴን ለካችና፣ «አሁንስ ንገረኝ፣ ይቺ ሴት ምንህ ናት?» አለችኝ።

«ኮሶዬ ወጥቼ ልጠይቅና እነግርሻለሁ» አልሁ።

ትርንጎ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበርና ያልሰማች መሰለች። ቆይታ ጣሳውን ይዛ መጣች። «ሞላ፣ ውሃ ጠጣ» አለችኝ። አያ የምትለዋ ቀርታለች። ውሃውን ጨርሼ ጣሳውን እስክመልስ ድረስ ስሜ እንዲህ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጄሶው ወጥቶ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ከማኅበራችን ሁለት ሽማግሎች ለመንሁ። በአገራችን ወግ ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል። እኔ ከእነሱ ጋር ስነሣ፣ «አንተ ምን ትሠራለህ? ቤትህ ተቀመጥ እንጂ» አሉኝ። «ቤቴ ተቀምጬ ጨርሻለሁ» አልኋቸው። ጥቂት ተጨቃጨቁኝና ተዉኝ።

ማኪናው ከመንገዱ ዳር አወረደን። የወንድሟ ቤት ከላይ፣ ከገብስ ማሳው ባሻገር ነው። ያን ዳገት ወጣሁት። በረኛዬ አልታጠፈልኝም፣ አላመመኝምም፤ እንደ ጥሩ ምርኩዝ መሬቱን እየገፋ ሰደደኝ። ደጋግሜ ቆም ብዬ ቁልቁል አየሁ። ያ ሁሉ ፈትል የወረደበት መንገድ እሱ ነው።

ወንድሟ ቁመተ ረዥም፣ ጥቂት የሚናገር ገበሬ ነው። ሽማግሎቹ ነገራቸውን ሲጨርሱ፣ «ሸማኔ ነው አሉኝ» አለ።

«ነው» አሉ።

«እኛ አራሾች ነን።»

በዚያ አገር አራሽ ለሸማኔ ሴት ልጅ እንደማይድር ታውቃላችሁ። ሰውዬው ወደ እግሬ ተመለከተ።

«እግርህ ምን ሆኖ ነው?»

ለሽማግሎቹ ሳልተው ራሴ ነገርሁት፤ ግንዱን፣ ራጁን፣ ካርቶኑን፣ ጣውላውን። ሲሰማ ቆየ።

«እና ሐኪሙ ለሥራህ ላብጅልህ ሲልህ ለዚህ ዳገት ይሁንልኝ አልህ?»

«አልሁ።»

«ማን አስገደደህ?»

«ማንም አላስገደደኝ።»

ጢሙን አሻሸ። ሽማግሎቹን አየ፣ ደጁን አየ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ፣ «ትርንጎ» አለ፣ «ውሃ አሙቂ። እንግዳው እግሩ ደክሟል።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ልመናውን እምቢ ብለው የሚሸኙትን ሰው እግር የሚያጥብ ቤት የለም። ትርንጎ ገበቴውን ይዛ ወጣችና ከፊቴ በርከክ አለች። እግሬን ስታጥብ ጣቷ ከዚያች አንጓ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ጋቢው ላይ እንደቆመው።

«እንግዲህ በረኛህ ተቆለፈ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

«ክፍት እንዳለ ነው የተቆለፈ» አልኋት።

መርገጫውን በሌላ ጣት መያዝ ዓመት አልበቃውም። ማኅበሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ድር አድራ ቀሰም ሙላ አለኝ፤ በኋላ ተመልሼ ጉድጓድ ገባሁ። ጉድጓዱን ግን አሰፋሁት፤ ትርንጎ ከጎኔ ተቀምጣ እግሯን ሰድዳ እንድትፈትል። ስማር የሠራሁት የመጀመሪያ ጋቢ አንዱ መስመር ጠበቅ፣ አንዱ መስመር ላላ ያለ ነው። ለሰው የሚሸጥ አልሆነም፤ እስከ ዛሬ እኛው ነን የምንለብሰው። ሲስተሯን ልነግራት ሄጄ ነበር። «ገና ዱሮ አውቄዋለሁ» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁምና ምክሬ አጭር ነው። «የሚመችህን አድርግ» ሲሏችሁ ወደ እግራችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሚመቻችሁ የለመዳችሁት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ራሱ አያየውም፤ እኔም አላየሁትም። የሚያይላችሁ ሰው ደፋችሁ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ግባ በሉት። በኋላ ግን ተቀምጣችሁ አትለኩ፤ ቁሙና ተለኩ፣ ቢያማችሁም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። የትርንጎ ዓይን ደክሟል፣ እንዝርቷን በዳሰሳ ነው የምታሾር። ክረምት ሲገባ ያቺ አንጓ ትቀዘቅዛለች፤ ትርንጎ ቅቤ ይዛ መጥታ ታሻታለች። ስተኛ ጣቴ ብርድ ልብሱን እንደ ድንኳን ምሰሶ ሽቅብ ታነሣዋለች፣ ብርድም ይገባባታል። ጎትቼ ላለብሳት ስል ትርንጎ እጄን ትይዘኛለች።

«ተዋት፣ ኮሶዬን እያየች ነው» ትለኛለች።